ሲጋራ አቆማችሁ፣ አፍንጫችሁ ግን አልከፈት አለ? ችግሩና መፍትሄው

ሲጋራ ያቆመ ሰው ትንፋሹ እንዲቀለው ይጠብቃል። ብዙዎችን የሚገጥማቸው ግን ሌላ ነው። አፍንጫ ይደፈናል። ግንባርና ጉንጭ ይከብዳል። አክታው ጉሮሮ ላይ ተጠራቅሞ ያድራል። ሳምንት ያልፋል፣ ወር ይጨመራል፣ አይለቅም። ይሄኔ አንድ ወዳጅ ብቅ ይልና «ሰውነትህ ለምዶት ነው፤ አንዷን ሞክራት፣ ይከፍትልሃል» ይላል።

ይህን የምጽፈው ያቺን አንዷን ለማስቀረት ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በተለይ በደጋው፣ ሲጋራ ከቆመ በኋላ አፍንጫ ታፍኖ የሚቆይበት መንስኤ አብዛኛውን ጊዜ ተፈልጎ ይገኛል። ብዙ ጊዜም እዚያው ቤታችን ውስጥ ነው። ከታች ካሉት ውስጥ የእናንተን የሚመስለውን ፈልጉ። ሁለት ሦስቱ አንድ ላይ ሊገጥማችሁም ይችላል።

«ካቆምኩ ወዲህ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም»

የአፍንጫና የሳይነስ (በግንባርና በጉንጭ አጥንት ውስጥ ያሉት ባዶ ክፍተቶች) ውስጠኛ ግድግዳ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች የተሸፈነ ነው። ሥራቸው ንፍጡን ከነቆሻሻው እየገፉ ወደ ጉሮሮ ማውረድ ነው። የሲጋራ ጭስ እነዚህን ፀጉሮች ያደነዝዛል፣ ይጎዳል። ጭሱ ሲቆም ቀስ በቀስ ያገግማሉ፤ የተጠራቀመውንም መጥረግ ይጀምራሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚበዛው ንፍጥና አክታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው።

አንዷን ያጨሰ ሰው ቀለለኝ የሚለውም ለዚህ ነው። ፀጉሮቹ እንደገና ይደነዝዛሉ፣ የሚወርደው ንፍጥ ይቀንሳል። ሱሱም ለጊዜው ዝም ይላል። ንፍጡ ግን አልወጣም፤ እዚያው ተኝቷል።

ጊዜው ከሰው ሰው ይለያያል። ለአንዳንዱ ጥቂት ሳምንት ይበቃዋል። ለረጅም ዓመት ላጨሰ ሰው ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሳልና የትንፋሽ ማጠር የሚቀንሱት ካቆሙ በኋላ ከ1 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እስከዚያው ውሃ በደንብ ጠጡ። ትኩስ ሻይ፣ አጥሚት፣ ሾርባ ንፍጡን ያቀጥናሉ። ከሁሉም የምመክረው ግን አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ነው። ርካሽ ነው፤ በትክክል ከተሠራ የሚያመጣው ጉዳት የለም።

አሠራሩ ላይ አትቸኩሉ። የቧንቧም ሆነ የምንጭ ውሃ ሳይፈላ ወደ አፍንጫ አይገባም። ለሆድ ምንም የማያደርግ ተሕዋስ በአፍንጫ ከገባ ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ስለምትል ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ ይፍላ። አንኮበር፣ መንዝ፣ ጣርማ በር ያላችሁም እንደዚሁ። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ቆላ ስለሆኑ 1 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ። በንጹሕ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ለኩና አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙበት። ካቃጠላችሁ ጨው ቀንሱ፣ ወይም ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ። የተፈጨና ንጹሕ የታሸገ ጨው ይሁን፤ አፈር የነካውን አሞሌ ለዚህ አትጠቀሙ።

መርፌው የሌለበት ትልቅ ሲሪንጅ ከፋርማሲ ግዙ። ሳፋ ላይ ጎንበስ በሉ፣ ራሳችሁን ወደ አንድ ጎን አዘንብሉ፣ በአፍ እየተነፈሳችሁ ከላይ በሆነው ቀዳዳ ቀስ ብላችሁ ግፉ። ውሃው በሌላው ይወጣል። ሌላውንም እንዲሁ። ሲጨርሱ በኃይል አለመናፈጥ፤ ግፊቱ ወደ ጆሮ ይሄዳል። ጠዋትና ማታ በቂ ነው። የተረፈውን ውሃ በማግሥቱ አትጠቀሙበት፤ ሲሪንጁንም በፈላ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት።

«ጠብታ ካላደረግሁ እንቅልፍ የለኝም»

ይህ ሁለተኛው ወጥመድ ነው። ካቆማችሁ ሰሞን አፍንጫችሁ ሲታፈን ፋርማሲ ሄዳችሁ ጠብታ ገዛችሁ። በደቂቃዎች ውስጥ ከፈተላችሁ። ያስደስታል። ችግሩ ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን የሚባሉት ጠብታዎች የሚከፍቱት የአፍንጫን የደም ሥሮች በማጥበብ ነው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ሥሮቹ ተመልሰው ያብጣሉ፤ ከበፊቱ ብሰው። እንደገና ትጨምራላችሁ። ከ3 እስከ 5 ቀን ካለፈ በኋላ የሚያፍናችሁ ጠብታው ራሱ ሊሆን ይችላል። ወራት የቆዩበት ሰዎች አሉ፤ ብልቃጡን ከኪሳቸው አይለዩትም።

ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ጠብታው የሚቆይበት ሰዓት እያጠረ፣ የምትጨምሩበት ጊዜ እየተደጋገመ ከመጣ፣ ይህ ነው።

መፍትሄው ማቆም ነው። ሲጋራ ያቆመ ሰው ይህን ማድረግ አያቅተውም፤ ከባዱን ተወጥቶታል። ጠብታውን በሁለቱም ቀዳዳ በአንዴ ማቆም ከከበዳችሁ በመጀመሪያ ለአንዱ ቀዳዳ ብቻ አቁሙ። እሱ ሲከፈት በሌላውም አቁሙ። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይከብዳሉ። ትራሱን ከፍ አድርጉ፣ በጨው ውሃ እጠቡ። ሐኪም ካየው በኋላ እንደ ፍሉቲካሶን፣ ሞሜታሶን ወይም ቤክሎሜታሶን ያለ የስቴሮይድ ስፕሬይ ሊያዝላችሁ ይችላል። ይህ ከጠብታው የተለየ ነው። ወዲያው አይከፍትም፤ ጥቂት ቀን፣ አንዳንዴም 2 ሳምንት ይፈልጋል። «አልሠራልኝም» ብለው በሦስተኛው ቀን የሚጥሉት ብዙዎች ናቸው። ሲረጭ ጫፉ ወደ መሐለኛው አጥንት ሳይሆን ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይዙር። ያለዚያ ያደማል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ የሚከፍተውን ጠብታ ሐኪም ሳይጠይቅ ከመጀመሪያውም አይንካው።

«ውጭ ስሆን ይለቀኛል፣ ቤት ስገባ ይዘጋል»

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር፤ የእኛ አገር ጉዳይ ነውና። ሲጋራውን ጥላችኋል። ጭሱን ግን አልጣላችሁትም።

ደጋው ላይ የማገዶ እንጨት ውድ ነው። ስለዚህ ኩበት ይነዳል። የኩበት ጭስ ወፍራም ነው፤ ቤቱ ለብርዱ ሲባል ተዘግቷል፤ መስኮቱ ጠባብ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን እዚያ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሲጋራ ባይነካም አፍንጫው ይቆጣል። ማታ ደግሞ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል። ሊያገግሙ የሚሞክሩት ጥቃቅን ፀጉሮች ዕረፍት የላቸውም።

መፍትሄው በአንድ ቀን አይመጣም፤ ግን ይጀመራል። ምድጃው ከመኝታው ይለይ። ጭስ ማውጫ ያለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ማሠራት ከተቻለ ለጋጋሪዋም ለልጆቹም ይተርፋል፤ እኔ ከመድኃኒት ወጪ በፊት ይህን አስቀድማለሁ። ካልተቻለ ሲጋገር በርና መስኮት ይከፈት፣ ኩበቱም በደንብ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ኩበት የሚያጨሰው እጅግ የበዛ ነው። እጣኑን ለጊዜው ተዉት፤ ቡናው ያለ እጣንም ቡና ነው። ከሰል የተቀጣጠለበትን ማንደጃ ዘግታችሁ አብራችሁት እንዳታድሩ። ይሄ ከአፍንጫም በላይ ነው፤ ሽታ የሌለው ጋዙ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል።

አረቄ ቤትም እዚህ ይገባል። ጓደኞቻችሁ አጠገባችሁ ካጨሱ እናንተም እያጨሳችሁ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ዝግ ቦታ ማጨስን ይከለክላል። ስለዚህ «ውጭ ብታጨሱልኝ» ማለት ነውር የለውም። አረቄው ራሱም የአፍንጫን የደም ሥሮች ያሳብጣል። ሲጋራን በሱረት የተካ ሰው ደግሞ ሌላ ቦታ መንስኤ መፈለግ የለበትም። የትምባሆ ዱቄት በቀጥታ የተቆጣው ቦታ ላይ እየጨመረ ነው፤ ኒኮቲኑንም አልተወም።

«ሸዋ ሮቢት ወርጄ ሳድር ይከፈታል፣ ደብረ ብርሃን ስመለስ ይዘጋል»

ቀዝቃዛና ደረቅ አየር አፍንጫን ያሳብጣል፣ ያንጠባጥባልም። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ውርጭ በሚወርድበት ሰሞን፣ ይህ ጤነኛውንም ያገኘዋል። ጠዋት ስትወጡ አፍና አፍንጫችሁን በነጠላ ወይም በሻርፕ ሸፍኑ፤ የምትተነፍሱት አየር ይሞቃል። ግን ወደ ላይኛው ነጥብም ተመለሱ። ቆላ ስትወርዱ የተለየው ብርዱ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ያደራችሁበት ቤት ጭስ አልነበረውም ይሆናል።

«ያስነጥሰኛል፣ ዓይኔን ያሳክከኛል፣ እንደ ውሃ ይወርዳል»

ይህ አለርጂ ይመስላል። ማሳከክና ቀጭን ንጹሕ ፈሳሽ ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ሲጋራ እያጨሳችሁ ሳለም ነበረ ይሆናል፤ ሁሉንም በሲጋራው እያሳበባችሁ ነበር። ጊዜውን ልብ በሉ። መስከረም ሜዳው በአበባ ሲሸፈን ከሆነ የአበባ ብናኝ ነው። ገብስ ሲወቃ ከሆነ የአውድማው አቧራና እብቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ፣ በተለይ መኝታ ላይ ከሆነ ባናውን፣ አጎዛውን፣ ፍራሹን ጠርጥሩ። ደጅ አውጥታችሁ አራግፉ፣ ፀሐይ አስመቱ፤ የሚያራግፈው ሌላ ሰው ይሁን። ለውቂያ ማስክ አድርጉ። ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን ማስነጠሱንና ማሳከኩን ያስታግሣል፤ መታፈኑን ግን ይበልጥ የሚረዳው የስቴሮይድ ስፕሬዩ ነው።

«ፊቴን ያመኛል፣ ንፍጡ ወፍሯል»

አረንጓዴ ንፍጥ ብቻውን አንቲባዮቲክ አይጠይቅም። ጉንፋንም ያንን ያመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ እየተሻለ ይሄዳል። ከ10 ቀን በላይ ምንም ካልተሻለ፣ ወይም ተሽሏችሁ እንደገና ከባሰ፣ ወይም ከ39 ዲግሪ በላይ ትኩሳትና የፊት ሕመም ካለ፣ ያኔ ባክቴሪያ ይጠረጠራል። ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አትዋጡ።

በአንድ ወገን ብቻ ክፉ ሽታ ካለው የላይኛውን መንጋጋ ጥርስ አስመርምሩ። የተበላሸ ጥርስ ሥሩ ለሳይነሱ ቅርብ ስለሆነ ቁስሉ ወደ ላይ ይሻገራል። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም፤ ጥርሱ ካልታከመ ደግሞ አፍንጫው አይድንም።

ስለ ቤት መድኃኒት

ዳማከሴ በቡና መጠጣት ለብዙዎች ጉንፋን ሲይዝ የተለመደ ነው፤ አልቃወምም። የዳማከሴም ሆነ የጤና አዳም ጭማቂ አፍንጫ ውስጥ ማንጠብጠብን፣ ፌጦ ማሽተትን ግን ተዉ። የተቆጣን ሥጋ ያቃጥላል። የባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት የመከፈት ስሜት ይሰጣል፤ መንስኤውን ግን አያድንም። ብርድ ልብስ ተከናንቦ በፈላ ድስት ላይ ማጎንበስ ደግሞ ቃጠሎ ያመጣል። ልጆችን በፍጹም አታስገቡ።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ የሚያስሄዱ

ዓይን ዙሪያ ማበጥ፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ከባድ ራስ ምታት ከአንገት መድረቅ ጋር ከመጡ ያን ቀኑኑ ሆስፒታል ነው። አንዱ ቀዳዳ ብቻ ተደፍኖ ከቀረና ደም ከቀላቀለ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው፤ ብዙ ዓመት ያጨሰ ሰው ይህን ማዘግየት የለበትም። መታፈኑ 12 ሳምንት ካለፈውም እንዲሁ፤ የመሐለኛው አጥንት መጣመም ወይም ውስጥ ያደገ ሥጋ ሊኖር ይችላል።

ሳል 2 ሳምንት ከሞላው፣ ማታ ማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም ደም ያለው አክታ ካለ፣ «ሲጋራ ስላቆምኩ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የቲቢ ምርመራ አድርጉ፤ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ነው። ስትሄዱ ስንት ዓመት እንዳጨሳችሁ፣ መቼ እንዳቆማችሁ፣ ምን ጠብታ ለምን ያህል ጊዜ እንደተጠቀማችሁ፣ ቤታችሁ በምን እንደሚነዳ ሳትጠየቁም ተናገሩ።