ብረቱ እያላበው አትርጩ

በነሐሴ ጠዋት፣ ጭጋጉ ከጦሳ ሲወርድ፣ ደሴ ላይ የተበላ ሻፍት፣ ማለትም የማሽን ዘንግ፣ በነበልባል ቀልጦ በሚረጭ የብረት ዱቄት የሚሞላ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም፤ የአሲቴሊኑ ነበልባል ቀዝቃዛውን ብረት ገና ሲነካው ገጹ እንደተነፈሱበት መስታወት ይደበዝዛል። ጀማሪው ታዲያ ምን ያደርጋል? ጨርቅ ያነሣል! ሳንድብላስት ተደርጎ፣ በአየር ግፊት በሚረጭ አሸዋ፣ የጸዳውን ገጽ ትናንት ኩሽኔታ በተጠረገበት ጨርቅ ያብስና «አብሽር፣ ደርቋል» ብሎ ዱቄቱን ይለቅበታል። ስንት ጊዜ ልናገር? ውኃው የመጣው ከነበልባሉ ነው። ጋዙ ሲቃጠል እንፋሎት ይወጣዋል፤ እንፋሎቱም ቀዝቃዛ ብረት ላይ ሲያርፍ ውኃ ይሆናል። ማሞቁን ቀጥሉ፣ ላቡ ራሱ ይሸሻል። ላቡ ጠፋ ብላችሁም አትቸኩሉ፤ የወፍራም ሻፍት ቆዳው ሲሞቅ ሆዱ ገና ቀዝቃዛ ነው። ነበልባሉን አርቃችሁ ትንሽ ቆዩና ለኩ። ለተራ ብረት ከ90 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይበቃል።

ከሐይቅ የወፍጮ ሻፍት ያመጡ አንድ ሐጂ በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ሽፋኑ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተልጧል። «ልጄ፣ ቀለም ነበር እንዴ የቀባኸው?» አሉኝ። ብረቱ እያላበው የረጨው ተለማማጄ ቢሆንም አይቼ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።

ማቃጠልም አለ። ነበልባሉን አንድ ቦታ አቁሜ ገጹን ሰማያዊ አድርጌ፣ ሳንድብላስቱን መድገም ታክቶኝ በላዩ የረጨሁበት ዘመን ነበር። ሰማያዊው ኦክሳይድ ነው፤ አያስይዝም። ሻፍቱን ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ እያዞራችሁ፣ ከሚረጨው ቦታ ግራና ቀኝ አሙቁ። አሲቴሊን የበዛበት ነበልባል ደግሞ ጥላሸት ይተዋል።

በርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ብረቱን እየነካ የሚለካውን ያዙ፣ የምትነኩትም ከሚረጨው ቦታ ውጭ ይሁን።

ዘይት የጠጣ አሮጌ ካስት አይረን ከሳንድብላስት በፊት ጭሱ እስኪያቆም ይሙቅ፤ አለበለዚያ ዘይቱ በርጭት ሰዓት ይወጣል።

የጸዳውን ገጽ በባዶ እጅ አትንኩ ብዬ አልጽፍም፤ ይህን ማንም ያውቀዋል።

ልኬቱ ግን ብዙዎችን ያታልላል። 100 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው የብረት ሻፍት ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር 0.12 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። በሙቀቱ ለክታችሁ «ሞልቷል» ካላችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ለማለስለሻ የተዋችሁት ትርፍ የለም። እኔ በዚህ ስህተት ሁለት ሻፍት ልጬ እንደ አዲስ ረጭቻለሁ፤ የዱቄቱም ዋጋ ከኪሴ ነበር።