ጆሮ፣ ምላስ ወይም እምብርት ከተበሳ በኋላ የማይለቅ ትኩሳት፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ የተበሳው ቦታ ብቻ ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግል ይይዛል።
መንስኤ፦ ከቆዳው ያላለፈ ቁስለት ነው።
መፍትሄ፦ በንጹሕ ጨው ውሃ እየታጠበ በሐኪም ይታይ። ቀዳዳው ተዘግቶ መግሉ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል ጌጡን በራስ ማውጣት አይመከርም።

ምልክት፦ ቁስሉ ቢድንም እንኳ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሌሊት ላብ፣ ድካምና ክብደት መቀነስ ይመጣል፤ አንዳንዴም በጥፍር ሥር እንደ ስንጥር ያሉ ጥቋቁር መስመሮች ይታያሉ።
መንስኤ፦ በቆዳ ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ወይም በአፍ ውስጥ የሚኖረው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ በቁስሉ በኩል ደም ውስጥ ገብቶ የልብ ቫልቭ (በልብ ውስጥ ያለ የደም መተላለፊያ በር) ላይ ሲጣበቅ ኢንዶካርዳይተስ የተባለው ከባድ ሕመም ይፈጠራል። ጤነኛ ልብም አልፎ አልፎ ይጠቃል፤ ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ከልብ ችግር ጋር ለተወለደ፣ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለው፣ ቀደም ሲል በዚሁ ሕመም ለተያዘ፣ እንዲሁም በአገራችን በብዛት እንደሚታየው በልጅነት የቶንሲል ሕመም መዘዝ በሆነው የሩማቲክ ትኩሳት ቫልቩ ለተጎዳ ሰው ነው።
መፍትሄ፦ ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ትኩሳት ሲረዝም «ታይፎይድ ይሆናል» ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አንቲባዮቲክ ሙቀቱን ለጥቂት ቀናት ያበርደዋል፤ ቫልቩ ላይ ያለውን ተህዋስ ሳያጠፋ ግን በደም ካልቸር ምርመራ (ደም ውስጥ ያለን ተህዋስ አሳድጎ በሚለይ ምርመራ) እንዳይገኝ ሊሸሽገው ይችላል። ስለዚህ አንቲባዮቲክ ሳይዋጥ ሆስፒታል መሄድና መበሳቱን ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል፤ እርሱ ካልጠየቀ እናንተ ንገሩት። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ከተለያዩ ቦታዎች ቢያንስ ሦስት ጊዜ ደም ለካልቸር ይወሰዳል፤ ከዚያም የልብ አልትራሳውንድ ይታያል። ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚቆይ አንቲባዮቲክ ሲሆን፣ ቫልቩ ክፉኛ ከተበላሸ ቀዶ ሕክምና ይጨመራል።

ምልክት፦ የአንድ ጎን አካል መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም ድንገተኛ የትንፋሽ እጥረት።
መንስኤ፦ ከቫልቩ የተቆረሰ ጓል የአንጎልን የደም ሥር ዘግቷል፣ ወይም ቫልቩ ተቀዶ ልብ ደክሟል።
መፍትሄ፦ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል።

የልብ ሕመም ኖሮባቸው ገና ሊበሱ ላሰቡ፦ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ ለእነዚህ ሰዎች መበሳትንም ሆነ ንቅሳትን አያበረታታም። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የምትወጉም መርፌው ይጠብቀኛል አትበሉ፤ የሚሰጠው የሩማቲክ ትኩሳት እንዳይመለስ እንጂ ኢንዶካርዳይተስን ለመከላከል አይደለም።