ማኅበራዊ መተግበሪያ ለመለማመጃ ስትሠሩ

ባሕር ዳርም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ ፕሮግራመሮች የሚገናኙበት ትንሽ የድር መተግበሪያ ለመለማመጃ ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ በመግቢያ ገጹ ጊዜ አትፍጁ። ጃንጎ (በፓይተን የሚሠራ የድር መተግበሪያ መሥሪያ) ተጠቃሚና የይለፍ ቃል የሚያስተዳድር ክፍል ይዞ ነው የሚመጣው፤ የይለፍ ቃሉን ሃሽ ማድረጉም፣ ማለትም ወደ ኋላ ወደማይፈታ ኮድ መቀየሩም፣ የእሱ ሥራ ነው።

ትምህርቱ ያለው «ተከተል» የምትለዋ ቁልፍ ላይ ነው። ማን ተከተለ፣ ማንን ተከተለ የሚሉ ሁለት ዓምዶች ያሉት ሠንጠረዥ ሥሩና ጥንዱ እንዳይደገም ዳታቤዙ (የመረጃ ቋቱ) ላይ ገደብ አስቀምጡ። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ሰው ቁልፉን ደጋግሞ መጫኑ አይቀርም፤ ገደቡ ከሌለ አንዱ ሰው እንደ ሁለት ተከታይ ይቆጠራል።

ለዳታቤዝ ኤስኪውላይት ይበቃል። አንድ ፋይል ናት፤ ኢንተርኔት ቢጠፋም ላፕቶፓችሁ ላይ ትሠራለች። ከበድ ያለውን ዳታቤዝ አንስቶ «ፖስትግሬስ ካልሆነ» የሚል ጓደኛ አይጠፋም፣ ዝም በሉት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ፍለጋውን ነው። አንዱ «ባሕር ዳር» ሌላው «ባህር ዳር»፣ አንዱ «ፍኖተ ሰላም» ሌላው «ፍኖተ ሠላም» ብሎ ይጽፋል። ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሕ እና ህ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ጽሑፉ ሲቀመጥ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ዓምድ ጨምሩ፤ እዚያ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሩ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱንም ቤት። ተጠቃሚው የሚፈልገውንም ቃል በዚያው መንገድ አሳልፉት። ለአንባቢ የሚታየው ግን ጸሐፊው እንደጻፈው ይቆይ።