ነፍሰ ጡር የምትወስደው መድኃኒትና የልጇ ጆሮ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

መርፌን እንደ መድኃኒት አለመቁጠር። «መድኃኒት ወስደሻል?» ስትባል ብዙ እናት የምታስበው የሚዋጠውን ነው። ለፅንሱ ጆሮ ይበልጥ የሚያሰጋው ግን የሚወጋው ነው። ስትሬፕቶማይሲንና ካናማይሲን የተባሉት ፀረ ባክቴሪያ መርፌዎች በእንግዴ ልጁ በኩል አልፈው በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ድምፅ ተቀባይ ህዋሳት ይገድላሉ፤ እነዚህ ህዋሳት ደግሞ ከሞቱ አይተኩም። አሚካሲንና ጀንታማይሲን የዚያው ዘር ናቸው። የጀንታማይሲን ጉዳት በፅንስ ላይ የስትሬፕቶማይሲንን ያህል በግልጽ ባይታይም፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወጋ አይደለም። ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት ላሲክስ ሲታከልበት ጉዳቱ ይብሳል። ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሻግራ ባሕር ዳር የመጣች እናት ለአንድ የመድኃኒት ስም ብላ አትመለስምና፣ ባዶ ብልቃጡን ወይም ካርቶኑን ይዛ ትምጣ። ስሙ፣ መጠኑና የተወጋችባቸው ቀናት በክትትል ካርዷ ላይ ይጻፉ።

«ለልጄ ብዬ» የቲቢ ሕክምና ማቋረጥ። ይህኛው ከመጀመሪያው ይከፋል። ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል የፅንስን ጆሮ እንደሚያደነቁሩ አይታወቅም፤ ለነፍሰ ጡር የማይሰጠው ስትሬፕቶማይሲን ነው። ያልታከመ ቲቢ ግን እናትንም ልጅንም ይጎዳል።

ኪኒንን (ኩዊኒንን) በደፈናው መፍራት። ክኒን ሁሉ ስሙን ያገኘው ከዚሁ የወባ መድኃኒት ነው። መስማት የተሳናቸው ልጆች መወለዳቸው የተዘገበው ፅንስ ለማስወረድ ከልክ በላይ ሲወሰድ ነው፤ ለሕክምና የሚሰጠው መጠን ሌላ ነገር ነው። በፎገራና በደምቢያ ሜዳ ወባ የያዛት ነፍሰ ጡር ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ትሂድ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራትም እንዲሰጥ ይመክራል።

«ሦስት ወር ካለፈ አያሳስብም» ማለት። የጆሮው ቅርጽ ቀድሞ ይሠራል፣ ድምፅ ተቀባይ ህዋሳቱ ግን ከዚያም በኋላ እየጎለመሱ ይቆያሉ። ስትሬፕቶማይሲን በየትኛውም ወር ይከለከላል።

በጭብጨባ መፈተን። ሕፃኑ እጅ ሲንቀሳቀስ አይቶ ወይም ንፋሱ ነክቶት ሊደነግጥ ይችላል። ድምፅ ማውጣቱም ማስረጃ አይሆንም፤ የማይሰማ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ድምፅ ያወጣል። ትክክለኛው ፈተና ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ ትንሽ መሰኪያ በጆሮው ተደርጎ በመሣሪያ የሚካሄደው ነው። የጊዜው ልክ፦ ፈተናው እስከ 1 ወር፣ ማረጋገጫው እስከ 3 ወር፣ ድጋፉ እስከ 6 ወር። በእርግዝና እንዲህ ያለ መርፌ የተወጋች እናት ልጅ አንገቱን ማቅናትና መቀመጥ ከዘገየበትም ጆሮው ይመርመር፤ ስትሬፕቶማይሲን ሚዛን የሚጠብቀውንም ክፍል ይነካልና።