ለመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ኮርስ ፓይተንን ዊንዶውስ ላይ መጫን

ከማውረዳችሁ በፊት ዊንዶውሳችሁ ስንተኛው እንደሆነ እዩ። ዊንዶውስ 7 ከፓይተን 3.8 በላይ አይቀበልም፤ ለመግቢያ ኮርስ ግን እሱም ይበቃል። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካላችሁ ከፓይተን ዶት ኦርግ አዲሱን «ዊንዶውስ ኢንስቶለር 64 ቢት» አውርዱ።

ፋይሉን ስትከፍቱ «ኢንስቶል ናው» ለማለት አትቸኩሉ። ከመስኮቱ ግርጌ ፓይተንን ወደ ፓዝ (ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) የሚጨምር ባዶ ሳጥን አለ፤ መጀመሪያ እሱ ላይ ምልክት አድርጉ። ይህ ከተዘለለ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትዕዛዝ የሚጻፍበት የዊንዶውስ መስኮት) ፓይተን የት እንደተቀመጠ አያውቅም፤ ስሙን ስትጽፉ ወይ ስህተት ይላል፣ ወይ ማይክሮሶፍት ስቶርን ይከፍትባችኋል። ብዙ ተማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው፤ ግን ምንም አልተበላሸም። ኢንስቶለሩን እንደገና ክፈቱ፣ «ሞዲፋይ» በሉ፣ «ኔክስት» ብላችሁ ፓይተንን ወደ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብልስ (ፓዝ ያለበት ቦታ) የሚጨምረውን ምረጡና ጨርሱ። ክፍት የነበረውን ኮማንድ ፕሮምፕት ዝጉትና አዲስ ክፈቱ፤ አሮጌው ለውጡን አያይም።

ኮድ ለመጻፊያ አይድል የሚባለው ፕሮግራም ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚጫን ተጨማሪ ዳታ አይበላም። ፋይሉን ሴቭ አድርጋችሁ ኤፍ 5ን ስትጫኑ ኮዱ ይሠራል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቪኤስ ኮድ (ሌላ የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) ይልቅ እሱን እንመርጣለን፤ ቪኤስ ኮድ የፓይተን ኤክስቴንሽን ለብቻው ይፈልጋል።

ፋይላችሁን «ተርትል» ወይም «ራንደም» ብላችሁ አትሰይሙ፤ እነዚህ ከፓይተን ጋር የሚመጡ ላይብረሪዎች (ዝግጁ ኮዶች) ስም ናቸው። ፓይተን ኢምፖርት ሲያደርግ (ዝግጁ ኮድ ሲያስገባ) ከራሱ ላይብረሪ በፊት ኮዳችሁ ያለበትን ፎልደር ስለሚያይ የእናንተን ፋይል ያነሳና «አትሪቢውት ኤረር» ይላል። ስሙን «መልመጃ1» ወደሚመስል ነገር፣ በእንግሊዝኛ ፊደልና ያለ ክፍተት፣ ቀይሩት።