የናፍጣ አዲቲቭ ለትራክተርና ለጭነት መኪና፦ መቼ፣ ስንት፣ እንዴት

ሞተር ጉልበት ሲያንሰው ወይም ሲያጨስ ብዙ ሰው አዲቲቭ (ናፍጣ ውስጥ የሚጨመር ኬሚካል) ፍለጋ ይሮጣል። አዲቲቭ ግን ታንክ ግርጌ የተኛውን ውሃ አያወጣም፣ ያለቀ ኖዝል (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ጫፍ) አያድስም፣ የታፈነ የአየር ፊልትሮ አይከፍትም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ናፍጣውን ራሱን እዩት።

ከታንኩ ማፍሰሻ ወይም ከፊልትሮው ሥር ካለው የውሃ መለያ ግማሽ ሊትር ያህል ወደ ንጹህ የመስታወት ጠርሙስ ቅዱና ሳትነኩት ይደር። ጠዋት ከሥር የተለየ ፈሳሽ ካጠራቀመ ውሃ ነው። ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት መስመር ላይ ጥቁር ወይም ቡናማ ዝልግልግ ነገር ከታየ፣ ባክቴሪያና ሻጋታ ገብቶበታል። ሌሊቱን አድሮም ደመናማ እንደሆነ ከቀረ ውሃው በናፍጣው ውስጥ ተበትኗል ማለት ነው።

በእርሻ ላይ ዋናው የውሃ መግቢያ በርሜል ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ዝናብ አናቱ ላይ ይጠራቀማል። ቀን በፀሐይ የሞቀው አየር ተገፍቶ ይወጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ በርሜሉ መልሶ ይስባል፣ አናቱ ላይ ያለውንም ውሃ በክዳኑ ጥርስ በኩል ያስገባል። በርሜሉን ጥላ ሥር፣ ጣውላ ላይ አጋድሙት፤ ሁለቱ ክዳኖች ግራና ቀኝ እኩል ከፍታ ላይ ይዋሉ። ለመቅዳት ስታቆሙት ቢያንስ አንድ ቀን ይርጋ፤ የመምጠጫው ጫፍም ከወለሉ 10 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። ከሥር የቀረውን ወደ ትራክተር አታስገቡ።

ውሃው ከወጣ በኋላ ነው የአዲቲቭ ምርጫ የሚመጣው። ለውሃ ተብለው የሚሸጡት ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ሥራቸውም ተቃራኒ ነው። አንዱ ውሃውን ከናፍጣ ለይቶ ወደ ታች ያወርደዋል፣ እናንተ ታፈሱታላችሁ። ሌላው ውሃውን አድቅቆ ከናፍጣው ጋር ስለሚያዋህደው መለያው ሊይዘው አይችልም፤ በኖዝሉ ያልፋል። በኮመን ሬል ሞተር ላይ (ናፍጣው ከአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ለሁሉም ኖዝሎች በሚታደልበት)፣ ግፊቱ ከ1600 ባር በላይ በሚደርስበት፣ ይህ የኖዝሉን ጫፍ ያበላሻል። ሁልጊዜ ውሃ የሚለየውን ግዙ።

ከውሃ ውጪ ላሉ ችግሮች የሚሸጡም አሉ። ኖዝል አጣቢው በካርቦን የቆሸሸ ኖዝልን ቀስ በቀስ ያጸዳል። ማለስለሻው የሚጠቅመው በተለይ ሮታሪ ፓምፕ (እየተሽከረከረ ናፍጣ ለኖዝሎቹ የሚያከፋፍል) ላላቸው የቆዩ ትራክተሮች ነው፤ የፓምፑ ውስጥ ዕቃ የሚለሰልሰው በሚያልፍበት ናፍጣ ብቻ ነውና። ድኝ ከናፍጣ ሲወጣ የተፈጥሮ ልስላሴውም አብሮ ይቀንሳል። ሲቴን (ናፍጣው ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀጣጠል የሚያሳየውን ቁጥር) ከፍ የሚያደርገው በብርድ ጠዋት ለማስነሳትና ሲነሳ የሚታየውን ነጭ ጭስ ለመቀነስ ይረዳል፤ ከዚያ ያለፈ ጉልበት አትጠብቁበት። በደጋ፣ ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ትራክተር በጭነት ጥቁር ካጨሰ የአየር ማነስ ነው። በ2400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል፤ ትርፉን ናፍጣ የሚያስተካክለው የፓምፕ ባለሙያ ነው።

መጠኑን በግምት አትጨምሩ። ጠርሙሱ ላይ 1 ለ1000 የሚል ከሆነ ለአንድ ሊትር ናፍጣ 1 ሚሊ ሊትር፣ ለአንድ በርሜል 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። 1 ለ4000 ከሆነ ለበርሜሉ 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ለዚህ ከፋርማሲ የሚገዛ ትልቅ ሲሪንጅ ከጠርሙስ ክዳን ይሻላል። የምታሰሉት በምትጨምሩት ናፍጣ ልክ ነው። 300 ሊትር በሚይዝ ታንክ ውስጥ አዲቲቭ የገባበት 100 ሊትር ካለ፣ የ200 ሊትሩን ብቻ ጨምሩ። መጀመሪያ አዲቲቩን፣ ቀጥሎ ናፍጣውን ቅዱ፤ ሲወርድ ራሱ ያማስለዋል። ከመጠን በላይ ማብዛት ፊልትሮና ኖዝል ላይ ዝቃጭ ሊያስከትል ይችላል።

በቆየ ታንክ ላይ አጣቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠቀሙ ሁለት ትርፍ የናፍጣ ፊልትሮ ያዙ። ለዓመታት የተጣበቀው ቆሻሻ ተነስቶ ፊልትሮውን ይደፍናል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ደህና ነው፣ ዳገት ላይ ወይም ማረሻ ሲገባ ግን ጉልበት ያጣል። አዲሱን ፊልትሮ ካሰራችሁ በኋላ የፊልትሮውን የአየር ማስወጫ ብሎን አላሉ፣ በእጅ ፓምፑ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ግፉ፣ ከዚያ አጥብቁ። በኮመን ሬል ሞተር ላይ የከፍተኛ ግፊት ቱቦዎችን ሞተሩ እየሠራ በፍጹም አትፍቱ፤ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ሻጋታ ከታየ መጀመሪያ ውሃውን አፍስሱ፣ ከዚያ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቱን በማከሚያው መጠን አስገቡ። ለመከላከያ የሚጨመረው መጠን አነስተኛ ስለሆነ አታምታቱት። መድኃኒቱ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር አድርጉ። የሞተው ዝቃጭም ፊልትሮ ይደፍናል።

ቤንዚን፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ላምባና አልኮል አዲቲቭ አይደሉም። ቤንዚን ለእሳት ያጋልጣል፣ ልስላሴም ይቀንሳል፤ ላምባና አልኮልም ፓምፑን ያደርቁታል። በተቃጠለ ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝና አመድ አለ። ባለ ሰማያዊ ክዳን ታንክ ያላቸው መኪኖች የሚጠቀሙት አድብሉም (የጭስ ማጽጃ ፈሳሽ) ናፍጣ ውስጥ አይገባም፤ ከገባ ሞተሩን ሳታስነሱ ታንኩን አራግፉ።

ከእርሻ በኋላ ለወራት የሚቆም ትራክተር ታንኩ ሞልቶ ይቁም፤ ባዶ ቦታ ሲቀንስ የሚጠራቀመው እርጥበትም ይቀንሳል። ናፍጣ እንዳይበላሽ የሚያቆየውን አዲቲቭ ጨምራችሁ ሞተሩን 15 ደቂቃ ያህል አስነሱት፣ እስከ ኖዝሉ እንዲደርስ።

ጥቅሙን በዓይን ግምት ሳይሆን በሊትር ለኩ። በጭነት መኪና ላይ ታንኩን አፍ እስከ አፍ ሞልታችሁ፣ በአንድ መንገድና በተቀራራቢ ጭነት ሦስት ሙሌት ያለ አዲቲቭ፣ ሦስት ሙሌት ከአዲቲቭ ጋር መዝግቡ። በትራክተር ላይ በአንድ ዓይነት አፈርና በአንድ ማረሻ ለአንድ ሄክታር የወጣውን ሊትር ያዙ። ልዩነት ካልታየ መግዛቱን አቁሙና ኖዝሎቹን አስፈትሹ።