ድሪል ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳውን አንኳኩ

አዲስ ቤት የገባ ሰው ቶሎ የሚገዛው ነገር ድሪል ነው። መጋረጃ ይሰቀላል፣ ቲቪ ይሰቀላል፣ ኩሽና ውስጥ መደርደሪያ ይገባል። ከዚያ ሰፈር ያለ የህንፃ መሣሪያ መደብር ተገብቶ «ጥሩ ድሪል አለ?» ይባላል። ሻጩም ያለውን ያወጣል። እኔ ግን ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ቤታችሁ ሆናችሁ ግድግዳውን በደንብ እንድታንኳኩት እፈልጋለሁ።

ኦና ድምፅ ከሰጠ ብሎኬት ነው። ድፍን ብሎ እጃችሁን ካሳመማችሁ ኮንክሪት ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግድግዳው በአብዛኛው ብሎኬት ነው፤ ዓምዱ፣ ቢሙና ሶሌታው ደግሞ ኮንክሪት። ጣጣው የሚመጣው መጋረጃ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ከመስኮት በላይ ያለው ብዙ ጊዜ ሊንተል (መስኮቱ ራስ ላይ የሚጋደም ኮንክሪት) ወይም ቢም ነው። ሰው ሳሎን ውስጥ ቶሎ የበሳበትን ድሪል መስኮቱ ጋ ወስዶ፣ ወንበር ላይ ቆሞ ላብ በላብ እስኪሆን ሲገፋ ቆይቶ «ይሄ ድሪል አይረባም» ይላል። ድሪሉ ደህና ነው፤ ኮንክሪት ላይ ደርሷል።

ተራው ባለ መዶሻ ድሪል የሚመታው ውስጡ ያሉ ሁለት ጥርሳም ብረቶች እየተፋተጉ ስለሆነ፣ ጉልበቱ የሚመጣው ከእናንተ ግፊት ነው። ኤስዲኤስ የሚባለው ግን ውስጡ ፒስተን አለው። ራሱ ይመታል፣ እናንተ አቅጣጫውን መያዝ ብቻ ነው። ፑንታውም፣ ማለትም ድሪሉ ላይ የሚገጠመው መብሻ ዘንግ፣ ይለያል፤ ጭራው ላይ ቦይ አለው፣ ያለ ቁልፍ ቀጭ ብሎ ይገባል። ኮንዶሚኒየም ወይም ኪራይ ቤት ለሚኖር ሰው እስከ 13 ሚሊሜትር የሚይዝ፣ ከ600 እስከ 750 ዋት ያለው ተራ ድሪል ይበቃዋል። ለመስኮቱ ጥቂት ቀዳዳ ኤስዲኤስ ተዋሱ ወይም ባለሙያ አስመጡ። ቤት እየሠራችሁ ከሆነ ወይም ግቢ ውስጥ ኮንክሪት የሚያሠራችሁ ነገር ከበዛ ግን ትንሹን ኤስዲኤስ ግዙ፤ አትቆጩበትም።

ብሎኬት ስትበሱ መምቻውን አጥፉ። መቀየሪያው ላይ የመዶሻና የፑንታ ስዕል አለ፤ ፑንታው ላይ አድርጉት። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ መምቻው ከጀርባ በኩል ያለውን ፊት ፈርክሶ ይጥለዋል። ከውጭ ሲታይ ቀዳዳው ያማረ ነው። ፊሸሩን፣ ብሎኑ የሚነክስበትን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ስታስገቡ ግን የሚይዘው ነገር የለም፤ ብሎኑን ስታጠብቁት አብሮ ይሽከረከራል። ለ8 ፊሸር 8 ፑንታ፣ ለ6 ደግሞ 6። ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን አቧራ እፍ ብላችሁ አውጡ፤ አቧራ ላይ የገባ ፊሸር አይነክስም። እንደ ቲቪ ያለ ከባድ ነገር ከሆነ ለክፍት ብሎኬት ተብሎ የተሠራውን ረዘም ያለ ፊሸር ጠይቁ። እና ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ ወደ ላይም ወደ ታችም አትብሱ፤ ሽቦው በዚያ መስመር ሊያልፍ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ገንዘባችሁን ጫፉ ላይ አውሉት። መሣሪያ ሥራውን የሚነካው በጫፉ ነው፤ ድሪል በፑንታው፣ መጋዝ በጥርሱ፣ ካቻቪቴ በምላሱ። መካከለኛ ድሪል ጥሩ ፑንታ ከተገጠመለት ይሠራል። ውድ ድሪል በደነዘ ፑንታ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ሰው ለድሪሉ ብዙ ሺህ ብር ከፍሎ ፑንታውን ከሳጥኑ ጋር በነፃ በመጣው ይሠራል፣ እነዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለስም የገቡ ናቸው።

ፑንታ በዓይን ይለያል። የግድግዳው ጫፉ ላይ ከአካሉ ትንሽ ሰፋ ያለች፣ ተበይዳ የገባች ጠንካራ ቁራጭ አለች። ቁራጯ መሃል ላይ ካልተቀመጠች አትግዙት፣ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የእንጨቱ መሃሉ ላይ እንደ መርፌ የሾለ ጫፍ አለው። የብረቱ ዙሪያውን ስል ነው፣ «ኤችኤስኤስ» የሚል ይጻፍበታል። በግድግዳ ፑንታ ብረት መብሳት ፑንታውንም ብረቱንም ማቃጠል ነው። ብረት ስትበሱ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ጠብታ ዘይት አድርጉ። ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ግሏል፤ ጥንካሬውን አጥቶ ሊሆን ስለሚችል ከእንግዲህ ብዙ አትጠብቁበት።

መደብር ውስጥ ስማቸው ከታወቁት ብራንዶች ቦሽን ብትወስዱ፣ ሰማያዊው ለባለሙያ አረንጓዴው ለቤት ተብሎ የሚሠራ ነው። በየቦታው የምታገኟቸው ኢንግኮና ቶታል ለቤት ሥራ ይበቃሉ ብዬ አምናለሁ። ከስሙ ይልቅ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ካርቦኑና ማብሪያው ለብቻው ይገኛል?» ካርቦን ማለት ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው፣ እየተበላ የሚያልቅ ቁራጭ ነው። ሻጩ የለም ካለ ሌላ ሞዴል አሳዩኝ በሉት። ከዚያ ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ ረዘም ያለ ቀጥ ያለ ፑንታ አስገብቶ ያስነሳው። የፑንታው ጫፍ አንድ ነጥብ ላይ ቆሞ መዞር አለበት። ክብ እየሠራ የሚዞር ከሆነ ፑንታ ቀይሮ ይሞክር፤ አሁንም ያው ከሆነ መያዣው ተንጋዷል፣ ተዉት።

የእጅ መሣሪያ ላይ ደግሞ መደብሩ ውስጥ በነፃ የምትፈትኑት ብዙ ነገር አለ። ፒንሳውን ገጥማችሁ ወደ ብርሃን አንሱት፤ መቁረጫው መሃል ብርሃን ካሳለፈ ሽቦ አይቆርጥላችሁም፣ ያጎብጠዋል። መብራት የምትነካኩበት ከሆነ እጀታው ላይ «1000 ቮልት» የሚል ምልክት ይኑረው። ተራ ፕላስቲክ የለበሰ እጀታ ከኤሌክትሪክ አያድንም፤ ምልክቱ ቢኖርም ቆጣሪውን ማጥፋት አይቀርም።

ውሃ ልክ ስትገዙ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና አረፋው የት እንደቆመ እዩ። ከዚያ እዚያው ቦታ ላይ ጫፍና ጫፉን አዙሩት። አረፋው በዚያው በጠረጴዛው ጎን፣ ያንኑ ያህል ርቆ ከቆመ ልኩ ትክክል ነው፣ ጠረጴዛው ቢዘምም እንኳ። ወደ ሌላ ጎን ከሄደ መልሱለት። ሜትር ላይ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለችው መንጠቆ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ስትል ተበላሸ ብላችሁ በመዶሻ አታጥብቋት። ሆን ተብሎ ነው። ስትስቡና ስትገፉ ልኬቱ በራሷ ውፍረት እንዳይሳሳት ነው የምትንቀሳቀሰው።

ካቻቪቴ ሲሆን የመስቀሉ ምላስ ቁጥር 2 በቤት ውስጥ አብዛኛውን ይሠራል፣ ቁጥር 1 ለትናንሾቹ። የብሎኑን ራስ የሚበላው ብዙ ጊዜ ልኩ ያልሆነ ምላስ ነው። ሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ላይ የመጋዙ ጥርስ ወደ ፊት ነው የሚዞረው፤ ሲገፋ ይቆርጣል፣ ሲመለስ ያርፋል። ለቧንቧና ለቀጭን ብረት በኢንች 24 ጥርስ ያለውን ግዙ። መዶሻ እጀታው ወይራ ከሆነ ደስ ይላል፣ ይጠነክራል። ግን ራሱ ከተነቃነቀ ውሃ ውስጥ መንከር ለጊዜው ብቻ ነው፤ ሲደርቅ ይላቀቃል፣ ሽብልቅ ይመታበት።

ብረት በሚቆርጠውና በሚሞርደው ግራይንደር ላይ ስደርስ ቆጣ ማለቴ አይቀርም። ቤት ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች ሰውን በጣም የሚጎዳው እሱ ነው ብዬ ነው የማስበው። ትንሹ ግራይንደር 115 ወይም 125 ሚሊሜትር ዲስክ ነው የሚወስደው። መከላከያውን ፈትቶ የትልቁን የ230 ዲስክ ማስገባት የምታዩት ነገር ነው፣ አታድርጉት። የ230 ዲስክ የሚችለው በደቂቃ ወደ 6,600 ዙር ነው፣ ትንሹ ግራይንደር ደግሞ ከ11,000 በላይ ይዞራል። ዲስኩ ይበተናል፤ የተበተነ ዲስክ ደግሞ ፊት ነው የሚፈልገው። የእንጨት መጋዝ ጥርስ ያለው ዲስክም ግራይንደር ላይ አይገባም፣ እንጨቱን ነክሶ መሣሪያውን ከእጃችሁ ያስፈነጥረዋል።

ዲስክ ስትገዙ መሃሉ ላይ ያለችውን የብረት ቀለበት አንብቡ፣ ወርና ዓመት ተጽፎባታል፤ የመጠቀሚያ ጊዜው ማብቂያ ናት። ዲስኩ የተያያዘው በሙጫ ስለሆነ በጊዜና በእርጥበት ይደክማል። ቀኑ ያለፈበትን በቅናሽ ሲሰጧችሁ አመስግናችሁ ውጡ። መቁረጫ ዲስክ በጎኑ አይሞርድም፤ ለመሞረድ ወፍራሙ አለ። መነጽር ደግሞ ሁሌም። ቀላል ሥራ ነው ብላችሁ የተዋችሁ ቀን ፍንጣሪው ያው ፍንጣሪ ነው።

መብራት ሲሄድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ግራይንደሩ ወይም ድሪሉ ማብሪያው ተቆልፎ ሳለ መብራት ይሄዳል፣ መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሰውየው ቡና ሊጠጣ ይወጣል። መብራቱ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ አስቡት። መብራት እንደሄደ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ። ኃይሉ ሲወርድ፣ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ድሪሉ ሲያቃስት፣ ሥራ አቁሙ፤ ሞተር ከሚቃጠልበት ምክንያት አንዱ ይሄ ነው። ማራዘሚያ ስትጠቀሙም ጥቅልሉን ሙሉ በሙሉ ፍቱት። 2,000 ዋት ግራይንደር በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል፣ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ሽቦ በዚህ ይግላል፣ ሊቀልጥም ይችላል።

እንክብካቤው ከግዢው ይቀላል። ከሥራ በኋላ አቧራውን ከመተንፈሻ ቀዳዳዎቹ በብሩሽ አራግፉ፤ የሲሚንቶ አቧራ ሞተር ይበላል። ሽቦው እጀታው ሥር የተሰነጠቀ እንደሆነ እዩ፣ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። ካርቦኑ ብዙ ሞዴል ላይ በሞተሩ ግራና ቀኝ በካቻቪቴ የሚከፈት ክዳን ሥር ነው። መሣሪያው ሲነሳ ሲጠፋ ካስቸገረ ወይም ውስጡ ከወትሮው የበለጠ ብልጭታ ካያችሁ፣ ሶኬቱን ነቅላችሁ አውጡት። ርዝመቱ ወደ 5 ሚሊሜትር ከወረደ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። «ተቃጠለ» ተብሎ የተጣለ ድሪል አንዳንዴ ያለቀበት ካርቦን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሳታዩት አትጣሉት።

ክረምት ላይ ጠላታችሁ ዝገት ነው። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ፒንሳውን፣ መጋዙን፣ መፍቻዎቹን ጠርጉና የስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ ቀቧቸው፣ ስስ አድርጋችሁ። ጭቃ ወይም ሲሚንቶ የነካውን ሳታደርቁ ሳጥን ውስጥ አትክተቱ። የዛገ ካለ አቼቶ ውስጥ አሳድሩት፣ ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አለቅልቁት፣ በደንብ አድርቁና ወዲያው ዘይት ቀቡት። ዘይቱን ካዘገያችሁ እዚያው ፊታችሁ ተመልሶ ይዝጋል። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ከረጢት አትጣሏት፣ የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ትግባ።

ባትሪ ያላቸው ለእኛ ሀገር የመብራት ሁኔታ ይመቻሉ። ግን ባትሪው ከኩባንያ ኩባንያ ስለማይገጥም አንዱን መርጣችሁ በእሱ ቀጥሉ። 20 ቮልት ተብሎ የሚሸጠውና 18 ቮልት የሚባለው ጉልበታቸው አይለያይም፤ አንዱ ሙሉ ቻርጅ ሲሆን ያለውን፣ ሌላው ሲሠራ የሚይዘውን ነው የሚጽፈው። ስለ 20 ብቻ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበት ከሆነ ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርጋችሁ ፀሐይ የማይነካው ቦታ አስቀምጡት። ከሥራ እንደወጣ እየጋለ ቻርጅ ላይ አታድርጉት።

ከአሜሪካ ዘመድ መሣሪያ ሊያመጣላችሁ ከሆነ ቶሎ ደውሉለት። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፤ በሽቦ የሚሠራ የአሜሪካ ድሪል እዚህ 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ይገዛለት ካላችሁ ከባድም ውድም ነው፣ አያዋጣም። በባትሪ የሚሠራውን ያምጣ፣ ግን ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ያንብብ፤ «100-240 ቮልት» ካለ ይሠራል፣ «120» ብቻ ካለ ያው ኩባንያ ለ220 የሠራውን ቻርጀር ለብቻው መፈለግ ነው። ከዱባይ የሚመጣው ቮልቴጁ ይገጥማል፣ ሶኬቱ ብቻ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ ደህና አዳፕተር ይዘጋጅለት። ለብቻው የሚጓዝ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፣ ጭነት ውስጥ አይገባም። በመደበኛው ደንብ እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። 18 ቮልት በ5 አምፔር ሰዓት ሲባዛ 90 ነው፣ ስለዚህ ይገባል። መንካኪያውን በፕላስተር ሸፍኖ፣ እያንዳንዱን በየራሱ ላስቲክ አድርጎ ይያዘው፤ ከዚያ የሚበልጥ ባትሪ ካለው ትኬት ሲቆርጥ አየር መንገዱን ይጠይቅ።